የይርጋነሽ መርፌ ምረቃ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ሰሎሜ! አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? መነጽሬን አላደረግሁም፣ ቁጥሩን ሳላየው ነው ያነሳሁት። ... መነጽሬማ መምሬ ወልደ ኪዳን ጋ ነው፤ የመድኃኒቱን ወረቀት እያዩበት ነው። ... ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሞጣ እንዴት ናት? ... እዚህ ቢቸናማ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

— ምን አልሽ? ጮክ በዪ፣ እዚህ ጫጫታ ነው። ... እንግዶች ናቸው። ... ለምረቃው ነዋ! ... የማን ምረቃ ማለት ምን ማለት ነው? የመርፌው! ትናንት ከሞጣ በሚኒባስ፣ በበረዶ ሳጥን አሽገሽ የላክሽው የእናትሽ የአስም መርፌ! ዛሬ በይፋ እየተመረቀ ነው። ... ሄሎ? ... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ... አይ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነው።

— አትቆጪ እንጂ፣ ላስረዳሽ። አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፣ መድኃኒቱን ታውቂያለሽ። ሕዝቡን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዘመን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ እንኳ ሳላስመርቅ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አላውቅም። አሁን ደግሞ የእድር ሊቀመንበር ነኝ። የእናትሽ አስም የኛ ብቻ ነው እንዴ? እሷ ስትታፈን ጎረቤቱ አብሯት ሲጨነቅ ኖሯል። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ከወጋት ወዲህ ይኸው ሳትነሳ ታድራለች፣ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ታዲያ ሁለተኛው መርፌ ሲመጣ እንደ ሌባ በጓሮ በር ይግባ?

— ነገ መጥቼ ራሴ እወጋታለሁ ብለሻል፣ አልረሳሁም። ነገ ግን ለቅሶ አለ፤ እድርተኛው አይገኝም። ... አንቺና እሷ ብቻ ትበቃላችሁ? ያለ ተሳታፊ ምረቃ አይተሽ ታውቂያለሽ? ... መመሪያውን የጻፍሽበት ወረቀት? ደርሶኛል። ጥሩ ወረቀት ነው። ጀርባው ባዶ ስለነበረ የመክፈቻ ንግግሬን ጻፍኩበት። ... ፊቱንማ ላነበው ነበር፣ ጊዜ ጠፋ።

— ፍሪጅ ውስጥ ነው ወይ? ... አሁን? ... አሁንማ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው ሊያየው መጥቶ ፍሪጅ እየከፈትኩ ላሳይ? ጥልፍ ጨርቅ አንጥፈን፣ በግራ በቀኝ አበባ አድርገን፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጠነዋል። ብርሃን እንዲያገኝ። ... ከካርቶኑ ወጥቷል፣ አዎ። ካርቶን ማን ያያል? ... ብርሃን አይወድም? መድኃኒት ነው የሌሊት ወፍ? ... እሺ፣ እሺ፣ አትጩኺ፤ አስተያየትሽ ተይዟል።

— የክብር እንግዳችንን እየጠበቅን ነው። አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ የድሮው ሱፐርቫይዘሬ። ሪባኑን የሚቆርጡልን እሳቸው ናቸው። ከደጀን መንገድ ላይ ነኝ ብለው ደውለዋል። ... መርፌው ከመቼ ጀምሮ ነው ፀሐይ ላይ ያለው? ከጧት ጀምሮ ነዋ። መቅለጥ ነበረበት። ... መቅለጥ ነው ያልኩት። ... በረዶ ሆኖ አድሮ ነዋ!

— ቆይ፣ ቆይ፣ ላስረዳሽ። ሳጥኑን ስከፍተው በበረዶ ተከቦ ነው ያገኘሁት። ጠባዩ እንዲህ ከሆነ ይበልጥ ይመቸው ብዬ ፍሪጁ ላይኛው ቤት፣ ሥጋው ጋ አሳደርኩት። ቀዝቃዛ ቦታ አላልሽኝም? እኔ ከቀዝቃዛም ቀዝቃዛውን መረጥኩለት። ... የታችኛው መደርደሪያ? ወተቱ ጋ? ወተቱ ጋማ እንደ ተራ ነገር ይሆንብኛል።

— ምን? ... ድገሚልኝ እስቲ። ... በረዶ ከሆነ በኋላ አይወጋም? ... ተበላሽቷል ማለት ነው? ... እንዴ፣ ሥጋም በረዶ ይሆናል፣ ይቀልጣል፣ ሲበላ ምንም አይልም! ... መልኩ? መልኩማ የምንጭ ውሃ ነው፣ ጉድፍ የለበትም። ... ቢመስልም? ... ንጹሕ ቢመስልም ይጣላል? ... ወይ ጣጣ! ሰሎሜ፣ ይኼን ለተሰብሳቢው ምን ብዬ ነው የምነግረው? መምሬ እኮ ባርከውታል። ... ይባርኩት፣ አይወጋም? ... ተይ እንጂ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ድምፅሽ ከስልኩ ይወጣል።

— ማን ሊወጋት ነበር? ስጦታው ነዋ። እጁን ታጥቦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ በተጠንቀቅ ቆሟል። ... አዎ፣ የከብት ሐኪሙ ስጦታው። ሰውየው ጡረታ ወጣ እንጂ እጁ አልወጣም። የእነማይ ወረዳን በሬ ሁሉ የወጋ እጅ ነው፤ አንድ በሬ ቅሬታ አቅርቦበት አያውቅም። ... የት ላይ ሊወጋት? አንገቷ ላይ። «አንገት ላይ ቶሎ ይይዛል» ብሏል። ... ምን? ... ሆድ ላይ ወይ ጭን ላይ? ከእምብርቷ ራቅ አድርጎ? በየጊዜው ቦታ እየቀያየሩ? ... ስጦታው! አንገት አይደለም ትላለች! ሆድ ነው የምትለው! ... እሱ ደግሞ «ሆዱ የሚወጋ የተነፋ በሬ ብቻ ነው» ይላል። ... ኧረ እሺ፣ አይነካትም! አይነካትም አልኩሽ። ... ከተወጋች በኋላ ፊቷ ቢያብጥ፣ ገላዋን ቢያሳክካት፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ምን ያደርጋል ነው የምትዪው? ... ስጦታው! ካበጠች ምን ታደርጋለህ? ... እጅጌውን እየዘረጋ ነው።

— ተነቅንቋል ወይ? ... እኔ እንኳ አልነቀነቅሁትም። እየተቀባበሉ ሲያዩት ትንሽ ትንሽ ነቅንቀውት ይሆናል። የሳል ሽሮፕ ተነቅንቆ አይደል የሚጠጣ? ... ይኼ አይነቀነቅም። ... በቀዝቃዛውም አይወጋም፤ ቀደም ብሎ ከፍሪጅ ይወጣና ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ በራሱ ጊዜ ይለዝባል፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይነከርም። ... እንዴ ሰሎሜ፣ ይኼ መርፌ ነው ወይስ አራስ? ... ሙቅ ውሃማ አልነከርኩትም። ድስቱ ተይዞ ነው እንጂ አስቤው ነበር።

— ለሌላ ሰው? ... እሱ ነጥብ ውይይት ተደርጎበታል። ጎረቤታችን ቀለሙ «አንዱን መርፌ ለሦስት ከፍለን፣ አንዱ ለይርጋነሽ፣ አንዱ ለኔ ሳል፣ አንዱ ለመምሬ ወገብ ቢሆንስ» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ... አልጸደቀም! ተረጋጊ፣ አልጸደቀም። በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። ... ያ አንዱ ድምፅ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አባትሽ ነው። አየሽ፣ ሞኝ አይደለሁም።

— ጉበት? ... ማን ነገረሽ? ... አዎ፣ በግ ታርዷል። ለእናትሽ ጥሬ ጉበት አስቀምጠንላታል፣ ለመርፌው ማጽኛ። ... ሐኪሙ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የትል መድኃኒት የሰጣት ለዚህ ነው? ሆድ ውስጥ ትል እያለ ይኼ መርፌ አይስማማም? ... እሺ፣ ጉበቱን ስጦታው ይብላው፤ እሱ መርፌ የለበትም።

— እናትሽን? ... እናትሽማ ወጥ ቤት ናት። ... ምን ታደርጋለች? ወጥ ትሠራለች እንጂ። የራሷ ድግስ አይደል? እሷ ካልቆመችበት ወጡ ወጥ አይሆንም። ... ጭስ? ... ትንሽ ጭስ አለ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው። በርበሬውንም ድስቱ ላይ ከጨመረችው ወዲህ ሽታው በር ላይ ያለውን ሁሉ ያስነጥሳል። ... ምን አልሽ? ... ለሳንባዋ ብለን ደግሰን ሳንባዋን በጭስ ፈጀነው? ... ኧረ ነገር አታሳምሪ! መርፌው ይችለዋል ብዬ ነው። ከእነ ሐኪምሽ «የማቆያ መርፌ» ስትሉኝ ምንድን ነው የሚያቆየው ታዲያ? ... ቀስ እያለ፣ ውሎ አድሮ ሕመሙን ጋብ ያደርጋል እንጂ ከጭስ አይጋርድም። ... እሺ። እሺ፣ የምታግዛትን አገሬን ልኬ አስወጣታለሁ። ... አገሬ! አገሬ፣ ይርጋነሽን «ወጡን ተዪውና ውጪ» በያት! ... ሽንኩርቱን? ሽንኩርቱን አንቺው አማስዪው፣ ምን እኔን ትጠይቂኛለሽ!

— ይኸው ተላከባት፣ ትወጣለች። ሌላስ? ... ፓፉ? ... የትኛው ፓፍ? ... ሰማያዊው፣ ስትታፈን የምትነፋው። ... እሱ ደኅና ቦታ ነው። ... ኪሷ ውስጥ አይደለም። ... ኮመዲኖው ላይም አይደለም። ግቢ ውስጥ ነው። ... ግቢ ውስጥ ሰው ላይ ነው።

— ሰሎሜ፣ አሁን የምነግርሽን በትዕግሥት ስሚኝ። መርፌ ከመጣ የሚነፋ ነገር ምን ይሠራል ብለን ... ለቀለሙ ሰጠነው። ... ሳል አለበት፣ ምስኪን ነው፣ ጎረቤት ነው። ለሪባኑ ከተገዛው ቆርጠን፣ አስረን፣ እንደ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጠለቅንለት። ተጨበጨበ፣ እልል ተባለ። መምሬም «የሰጠህበት እጅህ አይንጠፍ» ብለው መረቁኝ። በምረቃው ከሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ... እናትሽ ምን አለች? ... ምን ትላለች፣ አልነበረችም። ወጥ ቤት ናት አልኩሽ እኮ!

— ቡናማውስ? ጧትና ማታ የምትስበው? ... እሱንማ ከመጀመሪያው መርፌ ወዲህ አስቁሜአታለሁ። ተሻላታ! የዳነ ሰው ምርኩዝ ይዞ ይዞራል? ... ሐኪሙማ አቁሚ አላላትም፣ እኔ ነኝ። ... መርፌው ከነሱ ጋር ነው እንጂ በነሱ ፋንታ አይደለም? የተሻላት ሁሉም በአንድ ላይ ስለሠሩ ነው? ... ምን? ... «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች»? ማንን ነው በተረት የምትወጊው፣ አባትሽን? አስተምሬ፣ አስመርቄ፣ ለዚህ ነው? ... ልጄ፣ እኔ እኮ ...

— ቆይ። ... ቆይ አንዴ።

— ሰማሽው? ... እናትሽ ናት የምታስለው። ከወጥ ቤት ወጥታለች፣ አገሬ ደግፋታለች። ... ይርጌ! ምነው? ... ይርጌ! ... አትመልስልኝም። ... አዎ፣ ትንፋሽ አጥሯታል፤ ፊሽካ ፊሽካ ይላል ደረቷ። ... መናገር አትችልም፣ እጇን ብቻ ነው የምታወዛውዘው።

— ሰሎሜ፣ ልውጋት! ... ስጦታው፣ አምጣው! መርፌውን ከጠረጴዛው አምጣው! ... ምን? ... ተው! ስጦታው፣ ተው፣ እዚያው ቁም! አትንካት ብላለች! ... ታዲያ መርፌ በእጄ ይዤ ሰው ሲታፈን ቆሜ ልይ? ... ባይበላሽም? ደኅና ቢሆንም ለድንገተኛው አይሆንም? ... አሁን ትንፋሽ የሚከፍተው ፓፉ ብቻ ነው? ... ሰማያዊው?

— ከቀለሙ ልቀበለው? ... ሰሎሜ ... እንዴት አድርጌ? ሰው ፊት በጭብጨባ ሰጥቼ ሰው ፊት ላውልቅ? ሰጥቶ መንሳት እኮ ነውር ነው! ነገ ገበያ መሐል ምን እባላለሁ? ሀብተ ሥላሴ ከድኻ አንገት ላይ የሰጠውን አወለቀ ሊሉኝ ነው! ... ሌላ መላ የለም? ሙቅ ውሃ? ዝንጅብል? ... አንቺ እኮ ሞጣ ነሽ፣ ከሰው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ! ... በመምሬ በኩል በዘዴ ቢጠየቅስ? እሳቸው ለብቻው ጠርተውት ... ወይ ኮሚቴው ለአንድ አፍታ ቢነጋገርና ...

— ምኗን ልይ? ... ከንፈሯን? ... ይርጌ፣ እስቲ ቀና በዪ። ቀና በዪልኝ።

— ሰሎሜ። ከንፈሯ ጠቁሯል።

— ቀለሙ! ... ቀለሙ፣ ወዲህ ና! ስጠኝ! ... አዎ፣ የሰጠሁህን! መልስልኝ! ... ምን ታጨበጭባላችሁ፣ ፕሮግራም አይደለም! ዝም በሉ! ... ቀለሙ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው! ... ሪባኑ አልፈታ አለ! ማን ነው እንዲህ የቋጠረው? ... እኔ ነኝ? ... በጥሰው! ጎትት! ... ያዝኩት። ይዤዋለሁ ሰሎሜ፣ ይዤዋለሁ። ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?

— ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አላስተኛት። ... አገሬ፣ ወንበር! ... ነጠላዋን ከአንገቷ አላልተሽ ፍቺላት። ... እናንተ ሰዎች፣ ዘወር በሉ፣ አየር ስጧት! ... መምሬ፣ እርስዎም ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ... ቀጥሎስ? ... ይኼኛው ይነቀነቃል? ... እሺ፣ ነቀነቅሁት። ... ክዳኑን አነሳሁ። ... መጀመሪያ ታስወጣ። ይርጌ፣ የቻልሽውን ያህል አስወጪ ... ጎሽ። ከንፈርሽን ግጠሚበት። ... እሷ ስትስብ እኔ ልጫን። ... ሳቢ! ... ተጫንኩት። ... ያዢው፣ እንዳትለቂው፣ ያዢው ... በቃ፣ ልቀቂ።

— ሰሎሜ፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ባዶ እንዳይሆን! ... ቀለሙ! ስንቴ ነፋኸው? ... ለእንግዳ ሁሉ አቀመስክ? ... አቅምሷቸዋል! እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው የዋሉት! ... እኔ? ... አዎ፣ እኔም ቀምሻለሁ፣ ምን ይዋሻል። ... ሲነቀነቅ ውስጡ ይሰማል፣ ትንሽ ቀርቶታል። ... ጥቂት ጠብቀን እንደገና። ... እሺ። ... ይርጌ፣ አስወጪ። ... ሳቢ። ... ያዢው። ... አሁንም ትንሽ ቆይተን? ... እሺ።

— ባጃጅ! ... ስጦታው፣ ሩጥ፣ ባጃጅ ይዘህ ና! ሆስፒታል ነው በለው! ... ቢሻላትም ትሂድ? ... እሺ። ... እሺ ልጄ። ያልሽውን ሁሉ።

— ... አለሁ። ... አልሄድኩም፣ ትንፋሿን እየሰማሁ ነው። ... ቆይ። ... ፊሽካው ቀነስ ብሏል። ... አዎ፣ ቀንሷል። ትከሻዋም እንደ ቅድሙ አይነሳም። ... ዓይኗን ገለጠች። ... ከንፈሯ ... መልኩ እየተመለሰ ነው መሰለኝ። አገሬ፣ እየተመለሰ አይደለም? ... ተመልሷል ትላለች። ... አላለቅስም፣ በርበሬው ነው። ... በርበሬው ነው አልኩሽ! ... እሺ፣ እያለቀስኩ ነው። ፈራሁ ሰሎሜ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

— መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሰዉን ያሰናብቱልኝ። ... አዎ፣ ዝግጅቱ አብቅቷል። ... ምሳው? ምሳውን ቤታቸው ያፈራውን ይብሉ! ... አቶ ኃይለ ሚካኤል ደረሱ? ... በር ላይ? ከነመቀሱ? ... የሚቆረጥ የለም በሏቸው። ሪባኑ ተበጥሷል።

— ሄሎ፣ አለሁ። ... የተበላሸው መርፌ? ... አልነካውም፣ ለማንም አልሰጥም፣ ቆሻሻ ውስጥም አልጥለውም። አንቺ ነገ መጥተሽ በደንቡ ታስወግጂዋለሽ። ... ለአዲስ አበባው ሐኪም ደውለሽ የሆነውን ሁሉ ትነግሪዋለሽ፣ ሌላ መቼ እንደምትወስድ እሱ ይናገራል። ... እኔ ልንገረው? ... አይ፣ አንቺ ንገሪው። ... እሺ፣ እኔም እነግረዋለሁ። ... ቡናማው ቤት አለ፣ አልተሰጠም። ለሚቀጥለው ዝግጅት ይዤው ነበር። ... እሺ፣ እሺ፣ ይዘነው እንሄዳለን፣ ሆስፒታል እናሳያቸዋለን። ከዛሬ በኋላ ሐኪም አቁሚ ሳይላት አንዱም አይቋረጥም። ... ሰማያዊውንም ከኪሷ አላወጣም። ... አዲስ ትልኪያለሽ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

— ተናገረች ወይ? ... ተናግራለች። አሁን፣ ትንፋሿ መለስ ሲልላት። ... አንቺን አይደለም የጠራችው፣ እኔን ነው። ... ልንገርሽ? ... «መርፌው የመጣው ለማን ነው?» አለችኝ። ... ላንቺ ነዋ ይርጌ፣ ለማን ይሆናል አልኳት። ... «ታዲያ ቢቸና ሁሉ ሲጠራ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

— ምን መለስኩላት? ... የላላውን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መልሼ ደረብኩላት።

— ባጃጁ መጣ። ... እሷ መሐል፣ አገሬ በዚያ፣ እኔ በዚህ። ስጦታው በእግሩ ይምጣ። ... ከሆስፒታል እደውልልሻለሁ። ... አይ፣ አሁን ልዝጋው ልጄ። በአንድ እጄ ስልክ ይዤ በአንድ እጄ ልደግፋት አልችልም። ሁለቱም እጄ ያስፈልጋታል።